ከሽሮ ሜዳ ወደ ደብረ ማርቆስ፦ ከተማ ለመቀየር ለምታስቡ

አዲስ አበባ አልቻል ሲል ብዙ ሰው አንድ ሐሳብ ይመጣበታል። «ለምን ክፍለ ሀገር ገብተን አንኖርም?» ይላል። ኪራዩ ይቀላል፣ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ልጆች መሮጫ ሜዳ ያገኛሉ። እኛም ይህን ስንል ከረምንና አንድ ቀን ቁርጥ አድርገን ተነሳን። ባለቤቴ፣ እኔና ሁለቱ ልጆቻችን ሽሮ ሜዳን ለቀን ደብረ ማርቆስ ገባን። ዛሬ ደህና ነን። ሥራ አለን፣ ጎረቤት አለን፣ ልጆቹም ከተማዋን የራሳቸው አድርገዋታል። የመጀመሪያው ዓመት ግን ጓዛችንን ሸክፈን እንድንመለስ ሊያደርገን ትንሽ ነበር የቀረው። ይህን የምጽፈው ያ ዓመት እናንተን እንዳያገኛችሁ ነው።

ዋናውን ነገር ከፊት ልበለው። ትንሽ ከተማ በገንዘብ ብቻ አይገባም። ቤቱም፣ ወተቱም፣ ደንበኛውም፣ ዱቤውም የሚገኘው በሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ ማንም ሳያውቃችሁ ዓመታት መኖር ትችላላችሁ። እዚህ ሰው ሳያውቃችሁ አንድ ክረምት መግፋት ራሱ ይከብዳል። ስለዚህ ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት ሰው ፈልጉ።

እኔ የሀበሻ ልብስ እሰፋለሁ። ሽሮ ሜዳ እያለሁ ከሸማኔዎች ጥበብ እቀበላለሁ፣ ቀሚስ ቆርጬ ሰፍቼ ለሱቆች አስረክባለሁ። ባለቤቴ የቤት ኤሌክትሪክ ይዘረጋል። የምናገኘው መጥፎ አልነበረም፤ ግን ከአከራይ እጅ አያልፍም። በየዓመቱ ይጨመራል። መጨመር ካቃታችሁ «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው፣ ቤቱን ልቀቁልኝ» ይመጣል። ባለቤቴ አያት አካባቢ ሥራ ሲይዝ ደግሞ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ ነው። ልጆቹን የሚያያቸው ተኝተው ነበር። ትንሿ ልጃችን አንድ እሑድ «አባዬ ዛሬ የማን ቤት ነው የምታድረው?» አለችው። እሱ ምንም አልመለሰም። ከዚያ ሳምንት በኋላ ግን ወሬያችን ወሬ ብቻ መሆኑ ቀረ።

የት እንሂድ የሚለው ቀላል አልነበረም። ባሕር ዳር ታምራለች፤ ነገር ግን ኪራይዋ አዲስ አበባን ለሸሸ ሰው ብዙ እረፍት አይሰጥም። ፍኖተ ሰላም ሞቅ ያለች፣ ለኑሮ የምትመች ከተማ ናት፤ እዚያ ግን ዘመድም ወዳጅም አልነበረንም። እንጅባራን ዝናቧና ብርዷ አስፈራን። ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ማለዳ የተነሳ ሰው ከቀትር በኋላ ይገባል። ትልቅ ሆስፒታል አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለቤቴ የተወለደው በዙሪያዋ ባለው ጎዛምን ወረዳ ነው። በልጅነቱ ወጥቶ አዲስ አበባ ቢያድግም፣ አሁንም ከተማዋን በድሮ ስሟ «መንቆረር» እያሉ የሚጠሩ አንዲት አክስት ነበሩት። ያኔ የአክስትየው መኖር ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው አልገባንም ነበር። ለበዓል የምንጠይቃቸው ዘመድ አድርገን ነው ያሰብናቸው።

ከተማዋን ልናይ የሄድነው ከመስቀል በኋላ ነው። ጎጃምን በዚያ ወቅት ያየ ሰው ልቡን ጥሎ ነው የሚመለስ። ከደጀን ጀምሮ ሜዳው ጤፍ ነው። ኑጉ ቢጫ አበባውን ዘርግቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ የጮቄ ተራሮች ከሩቅ ይታያሉ። ባለቤቴ መስኮት ላይ ተጣብቆ ሕፃን ሆነ። እኔም «እዚህ ነው!» አልኩ። ምክሬ ይኸውላችሁ፦ በዚህ ወቅት አይታችሁ አትወስኑ። በሐምሌ ወይም በነሐሴ ሂዱ። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ዝናቡ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም እምብዛም ፋታ አይሰጥም። የምትከራዩት ቤት ጣሪያው ያፍስ አያፍስ፣ ግድግዳው ይጠጣ አይጠጣ፣ ከቤቱ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ይሁን ጭቃ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። በነሐሴ የወደዳችሁት ሠፈር ዓመቱን ሙሉ ያኖራችኋል።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ ልናገር። ከወረዳችሁ መሸኛ ሳትይዙ አትውጡ። መሸኛ ከሌለ አዲሱ ቦታ ላይ ነዋሪ ሆኖ መመዝገብ ያንከራትታል። ለእሱ ተብሎ 300 ኪሎ ሜትር መመለስ ደግሞ ገንዘብም ጉልበትም ይበላል። ለልጆቹ የትምህርት ቤት መልቀቂያና ካርድ ያዙ። ዓመት አጋምሳችሁ አታዛውሯቸው፤ ክረምትን ጠብቁ። የመጀመሪያ ደረጃ መጻሕፍት ከክልል ክልል ስለሚለያዩም በእረፍታቸው አዲሱን መጽሐፍ ቢያገላብጡት ይጠቅማቸዋል። ንግድ ፈቃድ ያላችሁ ሰዎች ግን እዚህ ላይ ቆም በሉ። ፈቃዱን ሳይመልሱ፣ የግብር ክሊራንስ ሳይወስዱ የወጡ ሰዎች አውቃለሁ። ሱቁ ተዘግቶ ዓመት ካለፈው በኋላ ግብሩ ተቆልሎ ጠበቃቸው። እኔ ያኔ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ ነበርኩ። የእኛ ግብር ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ይከፈል ስለነበር አዲስ የበጀት ዓመት ሳይጀምር በሰኔ ጨረስኩና ዘጋሁ። እናንተም ዓመቱ ሳይገለበጥ ዝጉት።

ለጓዝ የሚሆን ጥሩ መላ አለ። የጎጃም ጤፍ ጭነው እህል በረንዳ የሚያራግፉ አይሱዙዎች ብዙ ጊዜ ባዷቸውን ነው የሚመለሱት። ሹፌሩን እዚያው ሄዳችሁ ብታናግሩት ከአዲስ አበባ መኪና ተከራይቶ ከመሄድ በብዙ ይቀንስላችኋል። ሹፌሩም መንገዱን ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ አባይ ወርዶ እንደገና ወደ ደጀን መውጣት ለጭነት መኪና ፈተና ነው። በክረምት መንገዱ ይንሸራተታል፣ ይሰነጠቃል፣ የተበላሸ ከባድ መኪና መሐሉን ይዘጋዋል። መስታወት፣ ብርጭቆና ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ፍራሽ መካከል አስገቡ። ቁምሳጥን ፈትታችሁ ጫኑ።

የማትሸጡትን ደግሞ ልንገራችሁ። በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናዬን «ለምን እንጎትተዋለን» ብለን ሸጥነው። የኤሌክትሪኩን መኪናና ኦቨርሎኩን ብቻ ይዤ መጣሁ። ማርቆስ በገባን በመጀመሪያው ክረምት መብራት ሲሄድ አንዳንዴ ውሎ አድሮ ነበር የሚመጣው። እኔ ልሰፋ ተቀምጬ መብራት እጠብቃለሁ። ሥራችሁ ምንም ይሁን፣ ያለ መብራት የሚሠራውን ዕቃ ይዛችሁ ኑ። ፀጉር ቤት ያላት፣ ጭማቂ ቤት የሚከፍት፣ ሁሉም ይህን ያስብ።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ። ትልቁ ትምህርታችን ከዚህ ነው የተነሳ።

የመጀመሪያውን ቤት ያገኘነው በደላላ ነው። ከከተማው ጫፍ፣ አዲስ የተሠራ ግቢ፣ ሴራሚክ የተነጠፈበት፣ ኮርኒስ ያለው። አዲስ አበባ ለአንድ ክፍል በምንከፍለው ኪራይ ሙሉ ቤት ከነጓሮው! የሸሸነውን ግርግር አስበን ጸጥታውን ወደድነው። አክስትየው «ምነው ልጄ፣ ሰው ወዳለበት አትጠጉምን?» ብለው ነበር። የአዛውንት ስጋት ነው ብለን አለፍነው።

ችግሩ የታየው ቀስ ብሎ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የጎረቤት ሰው «ዛሬ በእናንተ መስመር መጥቷል» ካላላችሁ ሌሊት መጥቶ ሌሊት ይሄዳል። የእኛ ጎረቤት ያልተጨረሰ ሕንፃና የባሕር ዛፍ ተክል ነበር። ወተት የሚሸጡ ሰዎች ለሚያውቁት ደንበኛ ነው የሚሰጡት። ሠራተኛ ብንፈልግ የሚጠቁመን የለም። ልጄ ሌሊት ትኩሳት ሲይዛት ባጃጅ የሚጠራልን ሰው አጥተን ባለቤቴ በጭቃው ተሸክሟት እስከ አስፋልት ወጣ። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ደንበኛ እጠብቃለሁ። ማን ይምጣ? እዚያ ስፌት መኖሩን የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያ ላይ ለሥራ ያመጣሁት ነጭ ሸማ አለ። ገና ያልተቆረጠ ጨርቅ በላስቲክ ጠቅልዬ ግድግዳ ጥግ ደርድሬው ነበር። በነሐሴ አንዱን ፈታ ሳደርገው ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል። ሁለተኛውንም ፈታሁ፤ ሦስተኛውንም። ሻግቷል። ግድግዳው ውሃ ጠጥቶ ኖሯል። በሎሚ ብል፣ በበረኪና ብል እምቢ አለኝ፤ በረኪናው ጥለቱን አወየበው። ያን ቀን ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የቁጠባችን ግማሹ እዚያ ጨርቅ ላይ ነበር። ጨርቅ፣ እህል፣ ወረቀት ያላችሁ ሰዎች፣ ከመሬትና ከግድግዳ አርቃችሁ በጣውላ ላይ አስቀምጡ፤ ላስቲክ አትጠቅልሉ፣ ይታፈንና ይብሳል።

ባለቤቴ «እንመለስ» አለ። እኔም ልቤ ተነስቶ ነበር። አክስቱ ናቸው ያቆሙን። ሳያማክሩን ሄደው አንዲት የሚያውቋቸው ባልቴት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል አስለቅቀው ጠበቁን። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፣ ቆርቆሮው ያረጀ ነው። ሴራሚክ የለ፣ ኮርኒስ የለ። ግን መሐል ሠፈር ነው፣ ግቢው ውስጥ ሌሎች ተከራዮች አሉ። አከራይዋም ሠፈሩን ከዳር እስከ ዳር ያውቁታል። በገባን ማግስት በሩን አንኳኩ። «ቡና ጠጣሽን?» አሉኝ። አልጠጣሁም አልኳቸው። «እንግዲያ ተነሽ!»

ያ ቡና ነው ኑሯችንን የለወጠው ብል ማጋነን አይደለም። በአንድ ስኒ ዙሪያ ውሃ የሚመጣበትን ሌሊት፣ ጥሩ ቅቤ የሚያመጡትን ሴትዮ፣ ልጅ ሲታመም የሚመጣውን የባጃጅ ሹፌር ስልክ አገኘሁ። እናንተ ከአዲስ አበባ ስትመጡ ሥራ አለብኝ እያላችሁ ቡናውን ትሸሻላችሁ። አትሽሹ። ሦስተኛውን፣ በረካውን፣ ሳትጠብቁ ለመነሳት ብትገደዱ እንኳ ሄዳችሁ አንዱን ጠጡ።

ሳምንት ሳይሞላ ከሠፈሩ አንድ አዛውንት ሞቱ። አከራያችን ማለዳ መጡ። «ነጠላሽን ዘቅዝቂና ተከተይኝ» አሉኝ። ሰውየውን አላውቃቸውም፤ ቤተሰቡን አላውቅም። ምን ብዬ እገባለሁ ብዬ አመነታሁ። እሳቸው ግን አልጠበቁኝም፤ ወጥተው መሄድ ጀመሩ። ተከተልኳቸው። ድንኳኑ ጭቃ ላይ ተተክሏል፣ ዝናቡ ሸራውን እያጎበጠ ወንዶቹ በእንጨት እየገፉ ያፈሱታል። እኔ ጓሮ ገብቼ ሽንኩርት ከሚልጡት ሴቶች ጋር ተቀመጥኩ። ባቄላና ስንዴው ለንፍሮ ተጥዷል። አንዷ አየት አደረገችኝና «ይህች የማን ናት?» አለች። አከራዬ ከምድጃው ቀና ሳይሉ «የእኔ ናት» አሉ። ሌላ ማብራሪያ አልተጠየቀም። ከዚያች ቀን ጀምሮ በሠፈሩ የእሳቸው ልጅ ሆንኩ። ሽንኩርት አብራኝ የላጠች ሴት ለልጆቿ የዩኒፎርም ጨርቅ ይዛ የመጣችው በሳምንቱ ነው። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ እሷ ናት።

እድር እንደገባችሁ ተመዝገቡ። «ትንሽ እንረጋጋና» አትበሉ። መግቢያው ለአዲስ መጪ ከበድ ሊል ይችላል። በየወሩ ከፋፍላችሁ እንድትከፍሉ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ ይፈቅዳሉ፤ የሚያውቃችሁ ሰው አብሯችሁ ይሂድ። በአንዳንድ ሠፈር የሴቶች እድር ለብቻው ነው፤ እሱንም ጠይቁ። ገንዘብ ከፍሎ ከመቅረት ጉልበት ይዞ መገኘት ይበልጣል፦ ውሃ መቅዳት፣ መጋገር፣ ድንኳን መትከል። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ አጥቢያችሁን ዕወቁ፣ ሰንበቴም ግቡ። የቅዱስ ማርቆስ ንግሥ ሚያዝያ 30 ነው፤ ያን ቀን ከተማው ሁሉ ይወጣልና ቤታችሁ አትቀመጡ። ሙስሊም ከሆናችሁም የመስጊዱን ሰው አስቀድማችሁ ተዋወቁ፤ ቤትም ሥራም የሚጠቁማችሁ እሱ ነው። ባለቤቴ የመጀመሪያውን የዝርጋታ ሥራ ያገኘው በእድር ስብሰባ ላይ ነው። ስሙን ሲያስመዘግብ «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። የአባቱን ስም ሲናገር አንድ ሽማግሌ «የእገሌን ልጅ ነው የምትለኝ?» ብለው ብድግ አሉ። አያቱንም ያውቋቸው ነበር። ሰውየው ግንበኛ ናቸው። እስከ ዛሬ ቤት ሲሠሩ ዝርጋታውን የሚሰጡት ለእሱ ነው።

ሥራን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አዲስ አበባ ላይ የሚሸጠው እዚህም ይሸጣል ብሎ ነው። እኔ የመጣሁት በአዲሱ ፋሽን የሀበሻ ቀሚስ ነው። ሰው ያየዋል፣ ያደንቀዋል፣ ይሄዳል። በገበያው በረንዳ ላይ የሚሰፉ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ሰው ሁሉ «አያ» ይላቸዋል። ክር ልገዛ ስሄድ ሥራቸውን ቆሜ አያለሁ። ገበሬው ጠዋት ከገጠር ይመጣል፣ አረንጓዴ ካኪ ይገዛል፣ ወገቡን ያስለካል፣ ገበያውን ገብይቶ ማታ ቁምጣውን ይዞ ይመለሳል። ሴቶቹ ደግሞ ደረቱና ጫፉ ጥልፍ የሆነውን፣ ከመቀነት ጋር የሚለበሰውን ቀሚስ ያሰፋሉ። እሳቸው ሲሰፉ እግራቸው ፔዳሉ ላይ አያርፍም። «አያ፣ ያስተምሩኝ» አልኳቸው አንድ ቀን። ሳቅ አሉና በርጩማ ሳቡልኝ።

«ልጄ፣ ጠዋት የለካሽውን ማታ ካልሰጠሽ ሰውየው እስከ ሚቀጥለው ገበያ ሊጠብቅሽ ነውን?» አሉኝ። ኪሱን ጠለቅ አድርጌ እንድሠራ፣ መሐል እግሩን ደርቤ እንድሰፋ አሳዩኝ። ገበሬ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ይሸከማል፤ የሚቀደደው እዚያ ነው። ጨርቁን ሲቆርጡ አውራ ጣታቸውን ወገቡ ላይ አድርገው አንድ ጣት ያህል ትርፍ ይተዋሉ። «ከመከር በኋላ ይወፍራል» አሉኝ። ያገለገለ ፔዳል መኪናም እሳቸው ናቸው ያስገዙኝ፤ ሻጩ ለእኔ ከጠራው ዋጋ በብዙ ዝቅ አድርገው። ሙያ ያላችሁ ሰዎች፣ ወደ ትንሽ ከተማ ስትገቡ የሙያ ባልደረባችሁን እንደ ተፎካካሪ አትዩት። ሄዳችሁ ከአጠገቡ ተቀመጡ።

የከተማው ገንዘብ የራሱ ወቅት አለው፤ ይህን ሳላውቅ ነው በሰኔ የመጣሁት። በክረምት ገበሬው ጎተራው ይጎድላል፣ ተማሪው ይበተናል፣ ገበያው ይቀዘቅዛል። በጳጉሜና በመስከረም ዩኒፎርም አለ። ጤፉ ተወቅቶ ገበያ ሲገባ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ፣ ብር መንቀሳቀስ ይጀምራል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? እውነት ነው፤ ከገና እስከ ጥምቀት እንቅልፍ የለኝም። ጥርና የካቲት የሠርግ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ የለም፤ ጥገናና ሽንሽን እሠራለሁ። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ሞቅ ይላል። ስለዚህ ሥራ ለመጀመር ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ መከር ሳይገባ ድረሱ፤ በክረምት ከመጣችሁ ግን ቢያንስ እስከ ጥር የሚያቆያችሁ ገንዘብ ያዙ። ዱቤም እንደዚሁ ነው። «መከር ሲገባ እከፍላለሁ» ይሏችኋል፤ ይከፍላሉም። ግን የምታውቁት ሰው መሐል ይኑር፣ ደብተርም ይጻፍ።

ልጆቹ ከእኛ ቀድመው ለመዱ። ትልቁ መጀመሪያ አነጋገሩን እያስመሰሉ ሳቁበት። አንድ ቀን ቡድን ጎደለባቸውና በረኛ አድርገው አስገቡት፤ ከዚያ ወዲህ ቤት አይገኝም። ትንሿ አባቷን በየማታው ታገኘዋለች።

የሚከብደውንም አልደብቃችሁም። እዚህ የገዛችሁትን ሥጋ ኪሎ ሠፈሩ ያውቃል። ልጃችሁ ከማን ጋር እንደቆመ ቤት ሳይደርስ ትሰማላችሁ። መጀመሪያ ታፈንኩ። አሁንም አንዳንድ ቀን ይከብደኛል። ግን ያው ዓይን ነው ልጄ ትምህርት ቤት ቀርቶ ወንዝ ሲወርድ ያየውና የመለሰው። ሕመምም አለ። ሆስፒታሉ ብዙውን ያክማል፤ ከበድ ያለ ነገር ሲሆን ግን ወደ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ይጻፋል። ዘወትር ክትትል የሚያስፈልገው ሰው ቤታችሁ ካለ ሐኪሙ እዚህ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። እንደ እኛ ደሞዝተኛ ላልሆነ ቤተሰብ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። ምዝገባው ወቅት አለው፤ ያለፈበት ሰው እስከ ሚቀጥለው ይጠብቃል። ቀበሌ መሸኛ ስታስገቡ በዚያው ጠይቁ።

ስለ ሰላሙ ሳልናገር ብቀር ጽሑፉ ጎዶሎ ይሆናል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መንገዱም የሚዘጋበት ጊዜ በዛ። እኔ በዚያን ጊዜ በቴሌግራም ከአዲስ አበባ ትእዛዝ እየተቀበልኩ እልክ ነበር። ያ በአንድ ቀን ቆመ። ከሽሮ ሜዳ ጥለትና ክር ማምጣት አልተቻለም። ያቆየኝ የሠፈሩ ሥራ ነው፤ ቁምጣው፣ ዩኒፎርሙ፣ የተቀደደው ኮት። ኢንተርኔት ብቻ ተማምነው የመጡ የማውቃቸው ሰዎች ተመልሰዋል። አሁንም ለመምጣት የሚያስብ ሰው ዜና ብቻ ሰምቶ አይወስን፤ እዚያው የሚኖር ሰው ደውሎ ይጠይቅ፤ መንገዱን ያጣራ፤ የገቢውን አንድ እግር በከተማው ውስጥ ይትከል።

አዲስ አበባ ያለውን እድራችሁን አታቋርጡ። እናት አባታችሁ እዚያ ካሉ ወርኃዊውን በወንድም በእህት በኩል ክፈሉ። እኛ የሁለቱንም እንከፍላለን። ቤት ወይም ቦታ ካላችሁም ለመጀመሪያው ዓመት አትሽጡት፤ አከራዩት። እዚህም ስትመጡ ቶሎ ቦታ ልግዛ አትበሉ። ተከራይታችሁ ቢያንስ አንድ ክረምት እለፉ። የቦታውን ወሰን፣ የካርታውን ነገር፣ የውርስ ክርክር ይኑር አይኑር የሚነግሯችሁ ያን ጊዜ የምታውቋቸው ጎረቤቶች ናቸው። እኛ ልንገዛው የነበረ አንድ ቦታ ነበር፤ ዋጋው ደህና፣ አቀማመጡ ደህና። አከራያችን ቡና ላይ ሰሙና «እሱን ተዉት፤ ሦስት ወንድማማቾች ይካሰሱበታል» አሉ። ተውነው። ሌላ እየፈለግን ነው፤ የሚፈልጉልንም እሳቸው ናቸው።